ፋሻው የሚፈታበት ቀን

ጎባ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ በቀለ ያስተማሩኝ ቁስል ማጠብ አልነበረም፤ እሱን በኮርስ ተምሬ መጥቻለሁ። ዋና ድሬሰር ነበሩ፤ ድምፃቸው ወፍራም፣ እጃቸው ቀላል። የመጀመሪያው በሽተኛዬ ቅልጥሙን በቅሎ የረገጠችው ገበሬ ነበር። አጠብኩ፣ ቅባት ቀባሁ፣ በጎዝ ሸፈንኩ፣ ፋሻውን ጠቅልዬ ጨረስኩ። በሥራዬ ረክቼ ቆምኩ።

«መቼ ነው የሚፈታው?» አሉኝ።

«ሲሽርለት።»

«ሲሽር ማለት ቀን አይደለም። ሰውየው ከተራራው ማዶ፣ ሪራ ነው የሚገባው። ቀኑን ካልነገርሽው እግሩ እፋሻው ውስጥ ይበሰብሳል። ከማሰርሽ በፊት የሚፈታበትን ቀን ንገሪው።»

ከዚያ ወዲህ ቀን ሳልናገር ያሰርኩት ፋሻ የለም።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ባሌን ፈትቼ፣ የጎረቤት ልጆች በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ስለዚህ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ጋዜጣ ጎባ የሚደርሰው አርጅቶ ነው። መርፌው ፕሪመስ ምድጃው ላይ እስኪቀቀል ድረስ ከዳር እስከ ዳር አነበው ነበር። ኮንጎ የምትባል አገር እርስ በርሷ እንደምትዋጋ፣ የእኛም ወታደር ሰላም ሊያስከብር እንደሚዘምት ያወቅሁት በዚያ ነው። ማን ከማን እንደሚዋጋ ግን ደጋግሜ ባነብም አልገባኝም። የዛሬው ወዳጅ በሚቀጥለው ጋዜጣ ጠላት ሆኖ ይመጣል።

ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ጎባ ጦር ሰፈር አስር አለቃ ነበር። እዘምታለሁ ብሎ ስሙን ሰጠ።

እናታችን ክሊኒክ ድረስ መጣች። «አንቺ ካለሽበት አይደል የሚመረመረው? ልቡ ደካማ ነው በያቸው።»

«ልቡ ደህና ነው፣ እማዬ።»

«የልጄን ልብ ከእኔ ይልቅ አንቺ አወቅሽው?» ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች።

ደረጀ የመጣው በሌላ ጥያቄ ነው። «እታለም፣ አንቺ ታነቢያለሽ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«ማንን ልትወጋ ነው?»

«ማንንም። መሀል ትቆማላችሁ ተብለናል።»

«ጠመንጃ ይዛችሁ?»

«ታዲያ መቁጠሪያ ይዘን?»

ሳቅን።  የተገደሉ ሰዎች ፎቶግራፍ ግን ጋዜጣው ላይ አይቻለሁ፤ ማንም አይድረስላቸው ማለት አልቻልኩም። ይድረሱላቸው ብዬ የእናቴን ልጅ መስደድም አልሆነልኝም።

ዘማቾቹ የፈንጣጣ ክትባት በሚወስዱበት ዕለት እኔ ክንድ እያጠብኩ ክትባቱን እጭራለሁ፤ ደረጀ ተረኛ ጠባቂ ሆኖ በረንዳው ላይ ቆሟል። በዚህ መሀል ከሮቤ በኩል ሁለት ቁስለኞች በጋሪ ገቡ። ከብት በሚያጠጡበት ጨዋማ የሆራ ምንጭ ተጣልተው ተፈነካክተዋል። የሁለቱም ዘመዶች ዱላ እንደያዙ ተከትለው ገቡና ግቢው ለሁለት ተከፈለ።

ደረጀ ዘሎ መሀል ገባ። «ወደ ኋላ!» ብሎ ጠመንጃውን አግድም ይዞ አጠገቡ ያሉትን ገፋ። ለማድላት አልነበረም፤ የቀረቡት እነሱ ስለሆኑ ነው። የተገፉት ግን «ወታደሩ የእነሱ ነው!» ብለው ጮኹ። ወዲያኞቹ ይህን ሲሰሙ ልብ አገኙና ተንደረደሩ። ዞሮ እነሱንም ገፋ። አሁን ሁለቱም ወገን በእሱ ላይ ሆነ። ድንጋይ መጥቶ ግንባሩን ሲለው አየሁ። ቀጥሎ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁ።

ያን ጊዜ ኦቦ ከድር ደረሱ። ሁለቱም ወገን የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን በሩ ላይ ጣሉ፤ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጩ፤ ሣሩን ከፍ አድርገው ይዘው ገቡ። በዚህ አገር ሣር በያዘ ሽማግሌ ላይ እጅ አይነሣም። መሀል ሜዳው ላይ ተቀመጡ።

«ታኢ፣ ኢልማ ኮ» አሉት ደረጀን። «ተቀመጥ፣ ልጄ። ጠመንጃህን ለእህትህ ስጥ።»

«አልችልም፣ አባ። ወታደር መሣሪያውን አይሰጥም፤ ደንብ ነው።»

«እንግዲያው ውጣልኝ። አንተ እንዲህ ቆመህ እነሱ አይቀመጡም።»

አቶ በቀለ በመስኮት «ደረጀ፣ ና ወደዚህ!» አሉ። መጣ። ሰዎቹም እያጉረመረሙ አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ግንባሩን ስሰፋለት «እኔ ባልገባ ኖሮ ሽማግሌው እስኪደርሱ ስንት ሰው ይሞት ነበር?» አለኝ። ይህም እውነት ነው። ክሩን ቋጠርኩ።

ኦቦ ከድር ሊጠይቁት ገቡ። «ተቀየምከኝ?»

«ኧረ አልተቀየምኩም። እኔ እኮ ኮንጎ የሚባል አገር ላስታርቅ ልሄድ ነው።»

«ማን ጠራችሁ?»

«መንግሥታቸው ጠርቶን ነው ይላሉ።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «አያታችሁም ከሸዋ ሲመጡ እንዲሁ ብለው ነበር። ሁለት ባላባት ተጣሉ፣ አንዱ ጠራን፣ አስታርቀን እንመለሳለን። ይኸው አንተ፣ የልጅ ልጃቸው፣ ኦሮምኛ ከእኔ ልጆች ይልቅ ያምርልሃል!»

ደረጀ እስኪያመው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አያታችን ሰላም አመጣን እያሉ ነው የሞቱት። እኔ የተወለድኩበት ቤት ያለው ለዚያ አገልግሎት በተሰጣቸው መሬት ላይ ነው። መሬቱ ከዚያ በፊት የማን እንደነበረ ኦቦ ከድርን አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ደረጀ ሄደ። በሕይወትም ተመለሰ፤ ቅልጥሙ ላይ አልሽር ያለ ቁስል ይዞ። እያጠብኩለት ማንን እንዳስታረቁ ጠየቅሁት።

«እንጃ። አንድ መንደር ስንጠብቅ ከረምን። የገባን ቀን ድንጋይ ወረወሩብን። የምንወጣ ቀን ደግሞ ሴቶቹ መኪናው ፊት ተኙ፤ አትሂዱብን ብለው። ትእዛዝ ነውና ወጣን።»

«ከዚያስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጋዜጣሽ አልጻፈም?»

«አልጻፈም።»

ጎዙን አድርጌ ፋሻውን አነሣሁ። «ቅዳሜ ይፈታል» አልኩት፣ እንደ ልማዴ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ለእነዚያ ሴቶች ቀኑን የነገራቸው የለም» አለ። «ለእኛም የነገረን የለም።»

መሄዱ ይሻል ነበር ወይስ መቅረቱ፣ ጡረታ ወጥቼም አላወቅሁትም። የማውቀው ሥራዬን ነው፤ ለወጣት ድሬሰሮችም የምለው ይህንኑ ነው። ፋሻ ከማሰራችሁ በፊት የሚፈታበትን ቀን ተናገሩ። ቀኑን ካላወቃችሁት፣ ሳታስሩ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።