ሽሚት ማለት ቀጥቃጭ ማለት ነው

ባለፈው ቅዳሜ ከኧርቪንግ ወደ ፕሌኖ ስነዳ ትራፊኩ ድንገት ተዘጋና ከፊቴ የነበረው ትልቅ የጭነት መኪና ፍሬኑን ረግጦ ሲጢጥ ብሎ ሲቆም የጋለ ብረት ሽታ በመስኮቴ ገባ። ጤነኛ ሰው መስኮቱን ይዘጋል። እኔ ጭራሽ እስከ ታች አወረድኩትና እንደ እብድ ሽታውን ስምግ ቆየሁ፤ የአባቴ ሽታ ነዋ! ጋቢው፣ ፂሙ፣ ለዓመት በዓል ብቻ የምትወጣው ኮቱ ሳትቀር እንዲህ ነበር የሚሸቱት፤ እናቴ በእንዶድ ብትፈትገው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ብታውለው ሽታው ንቅንቅ አይልም ነበር።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ይኸው አልኩት። ዳላስ በኖርኩበት ሃያ ዓመት ውስጥ ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ አባትሽ ምን ነበሩ ሲሉኝ "ነጋዴ" እልና ምን ይነግዱ ነበር ብለው ሳይቀጥሉ በፊት የቴክሳስን ሙቀት አነሳለሁ፤ ሙቀቱ ከተነሳ ደግሞ እዚህ ከተማ ማንም ወደ ሌላ ጨዋታ አይመለስም።

ያደግኩት ከባሕር ዳር ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው፤ ከተማዋ አልቃ ወንዙ ከመጀመሩ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ጎጆ የእኛ ነበረች፣ ከዚያ ወዲህ ያስጠጋን ሰው አልነበረማ። ሰኔ ሲገባ አባቴን የሚያህል የተወደደ ሰው አይገኝም፤ ገበሬው ሁሉ የዶለዶመ ማረሻውን ተሸክሞ "ወንድሜ፣ ጌታዬ" እያለ ደጃችን ይሰለፋል፣ አባቴ ከማለዳ ጀምሮ ብረቱን እየቀጠቀጠ በመዶሻው ምት ልክ ያንጎራጉራል፣ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ፍንጣሪውን ለመቁጠር እሞክራለሁ፣ ሁልጊዜም ሦስት ላይ ይጠፋብኛል። ጥቅምት ላይ እህሉ ሲያሸት ያው ገበሬ መንገድ ላይ ሲያየን የልጁን ፊት በነጠላ ይሸፍናል፤ ቡዳ ነና! የትምህርት ቤታችን ደወል እንኳ አባቴ ቆርጦ የሰቀለው አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ድው ሲል ከተማው ሁሉ ልጁን ይልካል፣ እኔ አጠገብ የሚቀመጥ ልጅ ግን የለም።

ከሙሉ በቀር። ሙሉ የእትዬ ዘነቡ ልጅ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ በአንድ ላጲስ ተጠቀምን፣ አንድ ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሰው ማሳ ገብተን የሽምብራ እሸት እስኪያንገሸግሸን በላን። የእኔ ሆድ ቻለው፣ የሷ አልቻለም። እትዬ ዘነቡ ልጇ ስትንፈራገጥ ስታይ ሐኪም አልጠራችም፤ ጨርቅ አጭሳ አፍንጫዋ ሥር ያዘችና "ማነህ? የማን ቡዳ ነህ? ተናገር!" ትላት ጀመር፤ እንግዲህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጭስ ሲያፍናት ምን ታድርግ፣ የአባቴን ስም ጠራች። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘነቡ ጎረቤቱን አስከትላ መጣችና ልጄን የማጥንበት ከልብስህ ቁራጭ ስጠኝ አለችው። አባቴ አልተከራከረም፤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ጫፉን በመቀስ ቆርጦ ሰጣትና "ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ" አላት። እኔ አብሬያት በልቻለሁ፣ ሽምብራ ነው፣ እያልኩ ብጮህ ማን ይስማኝ!

ሙሉ በሦስተኛው ቀን ድና መዝለል ጀመረች። እኛ ጋ ግን ከዚያ በኋላ ማረሻ ይዞ የመጣ የለም። ዓመቱ ሳይሞላ አዲስ አበባ ገባን፣ አባቴ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆነ፣ መዶሻ ዳግመኛ አልጨበጠም፣ ሲያንጎራጉርም አልሰማሁትም፤ ሲጠይቋችሁ ነጋዴ ነው በሉ ብሎ ያስተማረንም እሱው ራሱ ነው። እንደዚያው ሆኖ ሞተ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ይቅር አላልኩም፣ ይቅር የማለት ሐሳብም የለኝም።

ሙሉን ዳግመኛ ያገኘኋት እዚህ ዳላስ፣ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ነው። "ውይ የአገሬ ልጅ!" ብላ ተጠምጥማ ሳመችኝ፤ ስለ አባቴ ትንፍሽ አላለችም፣ እኔም አላልኩ። ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት እኔ የሠራሁትን ወጥ አንዴ እንኳ ቀምሳ አታውቅም። አንዴ ዳየት ላይ ነኝ፣ አንዴ ጨጓራዬን፣ አንዴ ማርያምን አሁን በልቼ መምጣቴ ነው። እንዴት ያለ ጨጓራ ነው እባካችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ትሪ የእኔን ብቻ ለይቶ የሚያውቅ!

ሶ፣ ይቺው ሙሉ ናት ባለፈው ሳምንት ኮል ያደረገችኝ። ልጇን ቤቲን ካይል ሽሚት የሚባል የቴክሳስ ልጅ ሊያገባት ነው፤ እትዬ ዘነቡ ደግሞ ግሪን ካርድ ወጥቶላት ከመጣች ወዲህ ሽማግሌ ካልተላከ፣ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ ሞቼ እገኛለሁ፣ አልመርቅም ብላለች። የልጁ አባት አማርኛ አይችል፣ እሷ እንግሊዝኛ አትችል። እኔ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። የሥራዬ ሕግ አንዲት ናት፤ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።

ቅዳሜ ፕሌኖ ሙሉ ቤት ስደርስ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች፣ ሁሉም የአዲስ አበባ ልጆች፣ ሳሎኑን ሞልተውታል፤ እትዬ ዘነቡ ነጭ በነጭ ለብሳ ሶፋው መሐል ተሰይማለች። በአፌ አንቱ እላታለሁ፣ በልቤ ግን አንቺ ናት። አቶ ሽሚት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ቤቲ ነግራው ኖሮ፣ ዘሩን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ መጥቷል። ጣቱን እያስኬደ ቆጠረ፣ እኔ ተረጎምኩ፤ እገሌ ሽሚት፣ እገሌ ሽሚት፣ አሁንም እገሌ ሽሚት። እትዬ ዘነቡ ግራ ገባት።

"ሽሚት የሚባሉት አባቱ ናቸው ወይስ አያቱ? ሰባት ቤት ሙሉ አንድ ስም? ምነው፣ ስም አጠራቸው?"

ይህን ስነግረው ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀና የስሙን ታሪክ ጀመረ፤ ሲጨርስ ልተረጉም ጠበቅሁ። ጀርመን አገር ጥንት ሰው የሚጠራው በሥራው ነበር አለ፤ የአባቶቹን ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው ደግሞ ከየትም መንደር አይጠፋም፣ ያለሱ ማረሻ የለ፣ የፈረስ ኮቴ ብረት የለ፣ የበር ማጠፊያ የለ፤ ስለዚህ መጠሪያው ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ወረደና መንደሩ በበዛ ቁጥር ሽሚቱም በዛ፤ አንዱ ሽሚት፣ አንዱ ሽሚትዝ፣ እንግሊዝ አገር ስሚዝ፤ አሜሪካማ ስሚዝ የሌለበት ሰፈር የለም። ቴክሳስ የመጡት ቅድመ አያቱም ይህንኑ ሲሠሩ ኖሩ። "ብላክስሚዝ!" አለ ደረቱን ነፍቶ፣ ደጃዝማች ነን እንደሚል ሰው።

ሙሉ ግን እንግሊዝኛው ገብቷታል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ "ማለቴ… ኢንጂነር በያት፣ ፕሊስ" አለችኝ።

ቤቲ የካይልን እጅ ጭምቅ አድርጋ ታየኛለች። ልጅቷ ምን በደለችኝ፣ የእኔን ወጥ ትሪው እስኪያበራ ጠርጋ የምትበላ ልጅ ናት። አንድ ቃል ብውጥ ምርቃቱ ይመረቃል፤ ብናገረው አሮጊቷ ከሶፋዋ ተነስታ ትወጣለች፣ የሃያ ዓመት ውሸቴም አብሮ ይወጣል። ደሜ ግን ፈልቷል።

"ቀጥቃጭ ነው እትዬ ዘነቡ" አልኩ። "ሽሚት ማለት ቀጥቃጭ ማለት ነው። አባቱም፣ አያቱም፣ ሰባቱም ቤት። እንደ አባቴ።"

ሙሉ ፊቷን ሸፈነች። እትዬ ዘነቡ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችና እጇን ወደ ላይ ወረወር አደረገች።

"እህ! የፈረንጅማ ምን አለበት!"

ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። አባቴን ከቀዬው የነቀለው ነገር ለፈረንጅ ሲሆን ምን አለበት ሆነ፣ እግዜር ያሳያችሁ! አቶ ሽሚት "ምን አሉ?" ሲለኝ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት፤ ቡዳውንም፣ ፈረንጅማውንም፣ የአባቴንም ሥራ። ከሁሉ የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው መሰለኝ፣ ብድግ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘና አባትሽ ምን ምን ይሠሩ ነበር፣ መሣሪያቸውስ ምን ምን ነበር፣ እያለ በጥያቄ ያጣድፈኝ ጀመር።

አፌን ከፈትኩ። የጣፊያንና የሐሞት ከረጢትን እንግሊዝኛ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ የምመልስ ሴት፣ ያ የጋለው ብረት የሚቀመጥበት፣ መዶሻው የሚያርፍበት፣ አባቴ ወጣትነቱን ሁሉ ያጎነበሰበት ከባድ ነገር ምን እንደሚባል ጠፋኝ። እንግሊዝኛውን ስፈልግ አማርኛውም የለም። ስንት ዓመት ነጋዴ፣ ነጋዴ እያልኩ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። አባቴ የለ፣ እናቴ የለች፣ ደውዬ የምጠይቀው ዘመድ የለ። እዚያ ሳሎን ውስጥ ያን ስም የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ የባሏን ማረሻ አስይዛ ስንት ክረምት ደጃችን የቆመችው እትዬ ዘነቡ።

አልጠየቅኋትም።