ከአንድ ጃንጥላ ሥር

የንስሐ አባታችን ቄስ ፈንታሁን ባለፈው ሳምንት ዐርፈዋል። በደብረ ታቦርም ሆነ ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ መንደሮች ለምትኖሩ የንስሐ ልጆቻቸው ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። ለቀብሩ ያልደረሳችሁ ብዙ ናችሁ። አትዘኑ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜም አላመንሁም።

ቄስ ፈንታሁን ከቅዳሴ በኋላ የሚገኙት ድንች ማሳቸው ላይ ነበር። የጨነቀው ሰው እዚያው ይሄድባቸዋል። መኮትኮቻቸውን ተደግፈው፣ የጫማቸውን ጭቃ በድንጋይ እየፋቁ ያደምጡታል፤ እስኪጨርስ አያቋርጡትም። ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ጠፍቶ መከራ ሲመጣበት ብቻ ብቅ የሚለውን፣ «እግዜር ባጃጅ ነው እንዴ፣ መንገድ ሲርቅህ ብቻ እጅህን የምትዘረጋለት?» ይሉታል። ሰውየው ሲያፍር መስቀላቸውን ያወጡና፣ «ግዴለህም፣ እሱ ይቆምልሃል፤ ና ተሳለም» ይላሉ። ታሞ ለተኛ ሰው ጠበል ይዘው ሲገቡ አስቀድመው የሚጠይቁት ውኃ የሚቀዳለት ሰው መኖሩን ነው። ከሌለ ጀሪካኑን አንሥተው ራሳቸው ይወጣሉ።

እኔ አባትነታቸውን ጠንቅቄ ያወቅሁት ግን በራሴ ጥቁር ቀን ነው።

ባለቤቴ ጌትነት የሚኒባስ ሹፌር ነበር። መንገዱ ሰላም ባልነበረበት ሰሞን ተሳፋሪ ይዞ ወደ እብናት ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ስልክ አይሠራም፤ ከዚያ የሚመጣ መኪናም የለም። የምይዘው የምጨብጠው ቢጠፋኝ ማርያም ሄጄ፣ ባሌን በሰላም ካመጣሽልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልሁ። ለካ አማቴ ወይዘሮ ጥሩነሽም እዚያችው ማርያም ሄደው፣ ስለዚያው ሰው፣ ያንኑ ጃንጥላ ተስለዋል። አልተነጋገርንም። በሠርጋችን ቅልቅል ዕለት በተወረወረች አንዲት ቃል ተኳርፈን፣ በአንድ ከተማ እየኖርን ሰላም አንባባልም ነበር።

ሁለታችንም የቄስ ፈንታሁን የንስሐ ልጆች ነን፤ ስለታችንን ለየብቻ ነገርናቸው። በማግሥቱ ቤቴ መጡ።

«ልጄ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ጃንጥላ ተስላችኋል። ከአንዱ ሥር ግን አብራችሁ መቆም አልሆነላችሁም። እመቤቴ ማንኛችሁን ትስማ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ አሁን የእርቅ ሰዓት ነው? ይልቅ ይጸልዩልኝ እንጂ!»

«እሱኑ እኮ ነው የምጀምረው። ተነሽ፣ ነጠላሽን ልበሺ።»

ተከትያቸው ሄድሁ። በአገራችን ልማድ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል፤ አማቴ ደጅ ስንደርስ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሲያነሡ ሳይ ሊያሸክሙኝ ነው ብዬ ልቤ ደነደነ። እሳቸው ግን በገዛ ማጅራታቸው ላይ አድርገውት ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

አማቴ በሩን ከፍተው ሲያዩ ጮኹ። «ኧረ በማርያም! ኧረ አንቱ ቄስ፣ ምን በድለውኝ ነው? ይነሡ!»

«እነዚህን ሁለት ልጆቼን ሳላስታርቅ ይህን ያህል ጊዜ መቅደስ የገባሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ይቅር በሉኝ።»

ድንጋዩን ለማውረድ ሁለታችንም ተንደረደርን። ከአማቴ ጋር እጅ ለእጅ የተነካካነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ሦስታችንም እዚያው ደጃፉ ላይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልን ለመንን። አማቴ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ከእኔ ጋር መጥተው አብረን ጠበቅን።

ጌትነት አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹ አንድ ማለዳ መርዶ ይዘው ሲመጡ የሚያንኳኩት በር አንድ ብቻ ነበር። ከፊት ቄስ ፈንታሁን ነበሩ። ደረታቸው ላይ ወድቄ ጮኽሁባቸው፤ «አባቴ፣ ለምነን አልነበር? ያውም ታርቀን!»

«ልጄ፣ እኔም አልገባኝም» አሉኝ፤ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። «ያልገባኝን የምነግረው ለሱው ነው። ሌላ ወዴት እሄዳለሁ?»

ያን ሰሞን ብዙ ሰው «ፈቃዱ ነው» እያለ አጽናናኝ፤ ቃሉ እውነት ቢሆንም ቁስሌን ይነካው ነበር። ከእሳቸው ጋር ግን ማልቀስ ቻልሁ። በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ለእግዚአብሔር አቤት ማለትም ጸሎት መሆኑን ከእሳቸው ተማርሁ።

ስለቱ ስላልሰመረ ዕዳ አልነበረብንም። የጌትነት አርባ ሲቃረብ ግን አማቴ፣ «ልጄ፣ ጃንጥላውን እናስገባላት። እሷም ልጇን ቀብራለች» አሉኝ። ተያይዘን ገበያ ወጣን፤ አንድ ጃንጥላ ገዝተን ማርያም አስገባን። የተቀበሉን ቄስ ፈንታሁን ናቸው። ዘረጉትና በሁለታችን ራስ ላይ ይዘውት ቆሙ።

አባቴ፣ በቀብርዎ ዕለት ከሬሳ ሳጥንዎ በላይ የተዘረጋውን ጃንጥላ ቀና ብዬ ሳይ አወቅሁት። አማቴም አውቀውት ክንዴን ጨበጡኝ። ከእንግዲህ ሲጨንቀን ማሳዎ ድረስ ብንሄድ አናገኝዎትም፤ ይህ እጅግ ያመኛል። ለምን ቶሎ ሄዱብን? አልገባንም። ያልገባንንም እንዳስተማሩን ለሱው እየነገርነው ነው። በሰላም ይረፉ፣ አባቴ። ልጆችዎ ለእርስዎ በሁለት ቤት አናለቅስም።