ክብሪት የሚበደረው ጎረቤት

ያንን ቲያትር አንድም ቀን አላየሁትም። እንደሱ የወደድኩት ነገር ግን የለም። ባሌ ይህን ቢሰማ ይቀየመኝ ይሆናል፤ ይቀየም።

ኩዌት፣ ሱራ የሚባል ሰፈር በሠራተኛነት በገባሁ ሰሞን ነው። አሠሪዬ ማዳም የታጠበውን ልብስ ጣሪያ ላይ እንዳሰጣ ትልከኝ ነበር። ከጎረቤት ጣሪያ የሚለየን ግንብ ከቁመቴ ይበልጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአማርኛ እያንጎራጎርኩ የጌታዬን ነጫጭ ዲሽዳሻ፣ ያንን የዐረብ ወንዶች ረጅም ቀሚስ፣ ሳሰጣ፣ ከግንቡ ማዶ አንዲት ሴት ድምፅዋን እንደ ወንድ አጎርንና «ጎረቤት፣ ክብሪት አይጠፋም?» አለችኝ። ክው አልኩ። ከዚያ ሳቋ ተከተለ።

የወሎ ልጅ ናት፤ እንደኔው ሠራተኛ። ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ ሰው ቤት ስትሠራ፣ በዕረፍት ቀኗ ገብታ ያየችውን የፍቅር ቲያትር ነበር የምትጫወትልኝ። አንድ ጎረምሳ የጎረቤቱን ሴት ልጅ ይወድና መናገር ያቅተዋል። ምን ያድርግ? በየቀኑ ክብሪት ሊበደር በራቸውን ያንኳኳል። አባትየው «አንተ ሰውዬ፣ ክብሪት ትበላለህ እንዴ?» ብለው ሲጮኹ እንዴት እንደሳቅኩ! ማዳም ከታች ጮኸችብኝ። የጎረምሳውንም፣ የአባትየውንም፣ የልጅቷንም ድምፅ ያቺ የወሎ ልጅ ብቻዋን ነበር የምታወጣው። ልብስ በተሰጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ትቆርስልኛለች። እኔ እብዷ ደግሞ ያልቆሸሸ አንሶላ ማጠብ ጀመርኩ።

መጨረሻው ላይ ጎረምሳው ሌላ አገር ሊሄድ ይነሳና፣ የተበደረውን ክብሪት ሁሉ በጆንያ ተሸክሞ ሊመልስ ይመጣል። ያንኳኳል። ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ቆማለች። ሁልጊዜ እዚህ ስትደርስ ታቆመዋለች።

«ከፈተችለት? ንገሪኝ እንጂ፣ አንቺ ክፉ!»

«አብሽሪ እቴ፣ ለዒድ እነግርሻለሁ። ያን ቀን ቤተሰቡ ዘመድ ጥየቃ ይወጣል።»

ዒድ ሳይደርስ ድምፅዋ ጠፋ። ብጣራ መልስ የለም። ማዳምን ብጠይቃት እጇን አወናጭፋ «ሄዳለች፤ ወደ ሥራሽ!» አለችኝ። ታማ ይሁን ተባርራ የሚነግረኝ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ያስፈራኝ ጀመር። አቧራ የያዘው ነፋስ ዲሽዳሻዎቹን ሲያራግብ «ጎረቤት» ሲለኝ እሰማለሁ። ስንቴ ልብሱን ጥዬ ግንቡ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ! ሞታ ይሆን ብዬ አለቅሳለሁ፤ አፈር ልብላ፣ እዚያው ለቅሶዬ መሃል ደግሞ ልጅቷ በሩን ከፍታለት ይሆን እላለሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «ጎረቤት፣ ክብሪት አይጠፋም?»

በስመአብ! ድምፁ ግን ቀጭን፣ የሌላ ሰው ነው። በእሷ ምትክ የመጣች ልጅ ናት። መክተብ በምንለው የአስቀጣሪዎቹ ቢሮ ውስጥ አብረው ሰንብተዋል።

«እዚህ ቤት እንደምገባ ስትሰማ፣ ግንቡ ጋ ሄደሽ እንዲህ በያት ብላ አስጠናችኝ» አለች።

«ደህና ናት?»

«ክፉኛ ትስል ነበር። አንድ ጠዋት መጥተው ወሰዷት፤ ወዴት እንደሆነ አላወቅንም። ይቅር በይኝ ብላሻለች። መጨረሻውን እሷም አላየችውም። የአዲስ አበባ አሠሪዎቿ በራቸውን በጊዜ ስለሚዘጉባት፣ ጎረምሳው ሲያንኳኳ ተነስታ ወጥታለች።»

አገሬ ስገባ ቲያትር ቤቱን ፈልጌ ሄድኩ። ትኬት ቆራጩ ሽማግሌ «እሱ ድሮ ቀረ እኮ፣ ልጄ። ደስ ይል ነበር» አሉኝ። መጨረሻውን ሊነግሩኝ ሲሉ አመስግኜ ሮጥኩ። እሷ ያላየችውን እኔ ለብቻዬ ልስማ? አንጀቴ አልቻለም።

አሁንም ቲያትር እገባለሁ። ሊያልቅ ሲል ግን ተነስቼ እወጣና ደጁ ላይ እቆማለሁ። በጊዜ የሚዘጋ በር ያለባት ሴት የምትወጣው በዚያ ሰዓት ነው። ፊቷን አላውቀውም፤ ስለዚህ የሚያልፈውን ሰው አላይም። የምጠብቀው ድምፅዋን ነው።