የፌርናን ጆሮ

በሻዊኒጋን ከተማ መኪናው ቋ ቋ ያለበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ፌርናን ቲቦዶ ዘንድ ነበር፤ ጋራዥ የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ተጎትቶ ነው። ፌርናን በወረቀት ፋብሪካው ሠላሳ አንድ ዓመት የማሽን ድምፅ ሲያዳምጥ ኖሯል። የካቻቢቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ «ይሄ ኩሽኔታ ሁለት ሳምንት ነው ያለው» ካለ፣ ኩሽኔታው ቀን ሳያዛንፍ ይሞታል። ይሄ ሐሰት የለውም። ችግሩ፣ ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው ማሽኖቹን አስቀርቶ ጆሮውን ለቀቀለት።

ለምርመራ የራሱ ጉድጓድ ነበረው። በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት አስፋልቱ ይቦረቦራል። ፌርናን ከባለመኪናው ጎን ተቀምጦ፣ መስኮት አስከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጉድጓዱ ውስጥ ያስነዳዋል። «ድገመው!» ይላል። ሦስቴ ከተደገመ ጤነኛዋም መኪና ትታመማለች።

ዘንድሮ ተራው የሚስቱ ሆነ። ሉሴት በየማለዳው በወንዙ ዳር መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር እየነዳች ሄዳ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የትንሿ ቀይ መኪናዋ የፊት ቀኝ ጎማ፣ መሪ በዞረ ቁጥር ቋ ይል ጀመር። ፌርናን አንድ ቅዳሜ ሾክ አብዞርበር፣ በሌላው ቦኮላ የሚሉትን ላስቲክ ቀየረ። በሦስተኛው ጥፋቱን ከኋላ በተቀመጠው የበረዶ አካፋ ላይ ጣለ። አካፋው ወጣ፤ ኳኳታው አልወጣም።

«ፌርናን፣ እባክህ መኪናዋ ዦዚያን ጋራዥ ሊፍት ላይ ትሰቀልና ትታይ።»

«ጎማ መሬት ካልረገጠ ይዋሻል! አንካሳን አንጠልጥለሽ ብታዪው ያነክሳል?»

«እኔ እኮ ነኝ የምነዳት!»

«እኔ ደግሞ የምሰማት።»

ረቡዕ ጠዋት ሉሴት ከዳቦ ቤቱ ግቢ ስትታጠፍ ጎማው እንደ ርችት ጮኸ፤ መሪው ከእጇ ተነጥቆ ወደ ቀኝ ጎተታት። በእግረኛ ፍጥነት፣ ጥግ ላይ ወዳለው የመካኒኳ የዦዚያን ጋራዥ ደረሰች። ለፌርናን ስትደውልለት በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጣ።

«ቆይ! እንዳትሰቅያት፣ መጀመሪያ ላዳምጣት!»

«ተሰቅላለች ጋሼ ፌርናን» አለች ዦዚያን። «ይልቅ ጎማውን ከላይና ከታች ይያዙና ይነቅንቁት።»

ነቀነቀው። የጎማው ታች ወዲያና ወዲህ ተላወሰ፤ ምቱ እስከ ክርኑ ዘለቀ። ዦዚያን ከስር መፈንቀያ ብረት አስገብታ ስትጫን አንዲት ኳስ መሳይ ብረት ከማቀፊያዋ ብቅ ጥልቅ አለች።

«ቴስቲናዋ ናት። ጎማውን ከታች የያዘችው እሷ ብቻ ነች፤ ልትወልቅ ደግሞ ምንም አልቀራት። እትዬ ሉሴት፣ ወንዙ ዳር ብትወልቅ ኖሮ ጎማው ይተኛና መሪው ለጌጥ ይቀራል።»

ሉሴት ባሏን አየችው። «አሁንስ?»

ፌርናን እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁን አገላበጠ። «እኔ… ድምፅ አልሰማሁም።»

«እጅህ አልሰማም?»



ሉሴት የዦዚያንን ትርፍ መኪና ቁልፍ ከግድግዳው አወረደች። «ሥራ ረፍዶብኛል። አንቺ ዦዚያን፣ ከጨረስሽ በኋላ ማንም መኪናዬ አጠገብ እንዳይደርስ።»

«እኔስ በምን ልመለስ?» አለ ፌርናን።

«በእግርህ፤ መሬት እየረገጥክ።»