ከወፎቹ ሥር የነበረው ወረቀት

ትናንት ልጄ ለአስተማሪዋ የስንብት ካርድ ልትሠራ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የማኅተም ቀለሙን ክዳን ከፈተችው። ሽታው መጣብኝ። የጋዝም የጣፋጭም ነገር ያለበት፣ አፍንጫ ላይ የሚቆይ ሽታ ነው። ድስቱን ማማሰል አቆምኩ። "ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። "ክዳኑን ግጠሚው፣ ይደርቃል!" ብዬ ጮህኩባት። ምንም አላደረገችኝም እኮ። ለምን እንደተናደድኩ ለእሷ መንገር አልቻልኩም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከምርጫው በኋላ በሰፈራችን ወጣቱ ሲታፈስ፣ ዳቦ ልገዛ በወጣሁበት እኔንም አፍሰው ስድስት ሳምንት አሰሩኝ። ስፈታ ስሜ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ። እኔ ከድሮም ፈሪ ነኝ። ወረቀቱ ቢገኝ መዘዝ ያመጣል ብዬ የፍራሼን ጥግ ተረተርኩና ጥጡ ውስጥ ከትቼ መልሼ ሰፋሁት። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። በዓመቱ ለንደን ገባሁ።

እዚህ የጥገኝነት ኬዜ ሪጀክት ተደረገ። ጠበቃው አፒል፣ ይግባኝ ማለት ነው፣ አስገባልኝና "መታሰርሽን የሚያሳይ አንድም ወረቀት የለሽም?" አለኝ። አለኝ፣ ፍራሽ ውስጥ ነው አልኩት። "ታዲያ አስመጪው" አለ በአስተርጓሚ፣ ከሚቀጥለው ሱቅ የሚገዛ ነገር ይመስል። በምን አስመጣዋለሁ? ስልክ ይጠለፋል ይባል ነበር። ከእናቴ ጋር "ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ዝናቡስ?" ከሚለው አናልፍም። ፖስታም ይከፈታል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ለእኔ ግን መባሉ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ሥራ መሥራት አይፈቀድልኝም። አርችዌይ በሚባል ሰፈር ከአንዲት ያገሬ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ፣ ጣሪያ እያየሁ እውላለሁ። ከቤት የምወጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነበር። ካምደን ውስጥ፣ ከባቡር ድልድይ ሥር በነበረ አዳራሽ፣ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ካርድና የስጦታ ሳጥን መሥራት ያስተምሩ ነበር። አስተማሪያችን ጣቶቻቸው በቀለም የተዥጎረጎሩ የእንግሊዝ አሮጊት ነበሩ። የጎማውን ማኅተም ቀለም አስነክቼ በሙሉ ጉልበቴ ስደቁሰው፣ የወፏ ክንፍ ይጨማለቅብኛል። "አትጫኚው ዳርሊንግ፣ አሳርፊው" ይሉኛል። ባቡር ሲያልፍ መስኮቱም ጠረጴዛውም ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ማኅተማችንን አየር ላይ ይዘን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። እኔማ መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር። ጠበቃ እጠብቃለሁ፣ ደብዳቤ እጠብቃለሁ፣ ደግሞ ባቡር!

ሳጥን ከካርድ ይከብዳል። ወፍራሙን ወረቀት በማስመሪያ ለክተሽ፣ እንዲታጠፍ እንጂ እንዳይቆረጥ በደነዘ ነገር ታሰምሪዋለሽ። ማዕዘኑ ትንሽ ከዛነፈ ክዳኑ አይገጥምም። ስድስቱን አበላሽቼ ቀድጄ ጣልኩ። በሰባተኛው ላይ፣ አስተማሪዋ ታቹ እንዲጠነክር ሁለተኛ ወረቀት ደርበን እንድንለጥፍበት ሲያሳዩን ነገሩ በራልኝ። በሁለቱ ወረቀቶች መሃል ደብዳቤ ይገባል!

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያችን አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። "እማዬ፣ ፍራሼ ውስጥ፣ በግርጌ በግራ ጥግ፣ ወረቀት አለ። ለማንም ሳትነግሪ በሰው እጅ ላኪልኝ።" አጥፌ አነጠፍኩት፣ ከላዩ ሁለተኛውን ወረቀት ለጠፍኩበት፣ መገጣጠሚያው እንዳይታይ ዙሪያውን ሰማያዊ ወፎች መታሁበት። አስተማሪዋ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። "የት ጋ እንደለጠፍሽው አይታወቅም" አሉ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ ደብዳቤው መኖሩን በምን ታውቃለች? ለእሱም ዘዴ ነበረኝ። ሳጥኑ ውስጥ ሻርፕ አስቀመጥኩና በትንሽ ካርድ ላይ "እማዬ፣ ሳጥኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀዳደሽ እሳት አያይዢበት" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሰው ቢያነበው ምንም አያገኝበትም። እናቴ ግን ነገሩ ይገርማታል፣ ትቀደዋለች፣ ታገኘዋለች። አብራኝ የምትኖረው ልጅ በሳቅ ሞተች።

"ሰላይ ነሽ እንዴ አንቺ? በስልክ ንገሪያትና ተገላገይ!"

"አንቺ አልታሰርሽም" አልኳት።

የላክሁት ከቤተ ክርስቲያን በማውቃቸው፣ አባታቸውን ሊጠይቁ ወደ አገር ቤት በሚሄዱ ሴትዮ እጅ ነው። "እትዬ፣ እባክዎ እንዳይጨፈለቅ" ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። "እንቁላል ነው እንዴ ያሸከምሽኝ?" ብለው ስቀው ተቀበሉኝ። ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ችሎቱ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

በሦስተኛው እሑድ ደወልኩ። እናቴ ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

"ደረሰኝ የኔ ልጅ! እንዴት ያለ እጅ ነው የሰጠሽ!"

"ካርዱን አነበብሽው?"

"አነበብኩት እንጂ። ፈረንጅ አገር ሄደሽም ሥርዓትሽን አልረሳሽ! 'እዚህ ግባ የሚባል አይደለም' ትለኛለች ደግሞ! አሁን እሱ እሳት የሚያያዝበት ነው?"

አየሽ፣ ስጦታ የሚሰጥ ሰው ስጦታውን ማንኳሰሱ፣ የተቀበለው ደግሞ ማክበሩ ያገር ወግ ነው። እኔ ምስጢር ብዬ የጻፍኩት ለእሷ ጨዋነት ሆኖ ተነበበ። ሻርፑን አውጥታ ሳጥኑን በላስቲክ ጠቅልላ ቡፌው ውስጥ፣ መስተዋቱ ጀርባ አስቀምጣዋለች።

በሚቀጥለው እሑድ "እማዬ፣ ቀደድሽው?" አልኳት።

"ኧረ እጄን ይቁረጠው!"

በሌላው እሑድ "እስኪ ገልብጠሽ እዪው" አልኳት።

"ምን ሆነሻል? ከተገለበጠ ወፎቹ በጭንቅላታቸው ሊቆሙ ነው እኮ!"

ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ያየው ነበር። የጎረቤት ልጅ ከአረብ አገር ቴሌቪዥን ልካለች፤ "የእጇን ግን አልላከችም" ትላለች እናቴ። እኔ ስልክ ቤቱ ውስጥ ግንባሬን መስተዋቱ ላይ እደግፋለሁ። ሳጥኑ ለእሷ ልጇ ደህና መሆኗን ሰው የሚያይላት ማስረጃ ነበር። የእኔ ማስረጃ ፍራሹ ውስጥ ተኝቷል። እንዲህ እየተባባልን አምስት እሑድ አለፈ።

ለችሎቱ አራት ቀን ሲቀረው፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ እጄን ይዛ ስልክ ቤት ወሰደችኝ። "ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ" አለችኝ። እናቴ ስለ ሳጥኑ ገና ስትጀምር ጮህኩ።

"ቅደጂው እማዬ! ታቹ ውስጥ ደብዳቤ አለ! ቅደጂው!"

የቡፌው በር ሲከፈት ሰማሁ።

"ቢላ ላምጣ፤ በጠርዙ ቀስ ብዬ ላላቅቀው" አለች።

የስልክ ካርዱ አንድ ደቂቃ ቀረሽ አለኝ። "ጊዜ የለም፣ በእጅሽ!" አልኳት። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ቀጥሎ ወረቀቱ ተቀደደ። አስተማሪዋ አጣብቂ እንዳሉኝ ስላጣበቅኩት በአንድ ጊዜ አልለቀቀም፤ ሦስት አራት ጊዜ ተቀደደ። እናቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በልቧ ማንበብ አትችልም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ፊደል በፊደል ጀመረች። "እ... ማ... ዬ... ፍ... ራ... ሼ... ው... ስጥ..." ስንት ወር ከስልክ የደበቅኩትን ነገር በስልክ አነበበችው፣ በግርጌ በግራ ጥግ ያለው ሳይቀር። "በልብሽ! በልብሽ አንብቢው!" እያልኩ ስለምናት መስመሩ ተቆረጠ።

ቤታችንን ሊፈትሽ የመጣ ሰው የለም። የሰማን ሰው ቢኖር እንኳ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ወረቀቱ ለንደን የደረሰው ችሎቱ ካለቀ በዘጠነኛው ቀን ነው። አፒሌ ወድቋል። ጠበቃው ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ "ምን ነበር ትንሽ ቀደም ቢል?" አለኝ። ሁሉ ነገር እንደገና ተጀመረ፤ ሦስት ዓመት ወሰደ። እስከ ዛሬ በማን እንደምናደድ አላውቅም። አንዳንዴ በእናቴ፣ አንዳንዴ በእኒያ ደግ አሮጊት ጥሩ ማጣበቂያ። አብዛኛውን ጊዜ ግን በዚህ ጥንቃቄ ባልኩት ፍርሃቴ። ልጄንም በእሱ ነው የማሳድጋት፤ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ሦስት ጊዜ እደውልላታለሁ።

ወረቀቱ ከደረሰኝ በኋላ በነበረው እሑድ እናቴ ስለ ወረቀቱ አንስታ አልወቀሰችኝም።

"ሳጥኑን ሰው ሲጠይቀኝ አይጥ በላው አልኩ" አለችኝ። ከዚያ "ሌላ ትሠሪልኛለሽ። ታቹ ምንም የሌለበት" አለች።

እሺ አልኳት። ግን ወደ አዳራሹ አልተመለስኩም። ያን ቀለም ማሽተት አስጠላኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ ሲመጣ በደስታ እሠራላታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እሷ ግን በየእሑዱ "ሠራሽልኝ?" ትለኛለች፣ እኔም "እየሠራሁ ነው" እላታለሁ። አንድ እሑድ ድምፅዋ ደክሞ ነበር። ጉንፋን ነው አለችኝ።

"ቀለሙ ምንድን ነው?" አለች።

"ቀይ ነው፣ እማዬ።"

"ክዳኑስ ገጠመልሽ?"

"ገጠመልኝ። ቀስ ብለሽ ትከፍቺዋለሽ።"

"ጎሽ የኔ ልጅ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አላወራንም፤ ሌላ እሑድ ሳይደርስ ሞተች። ገጠመልኝ ስላት ከፊቴ አንድ ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልነበረም።