አራስ የሌለበት ገንፎ

ከአገሬ በወጣሁባት ሌሊት ጨረቃ አልነበረም። ባለቤቴ ደምሴ «ሰው ሳያየን እንሂድ፤ ካዩን ይመክሩናል» ብሎ ዶሮ ሳይጮኽ ቀሰቀሰኝ። እናቴ ግን ቀድማን ነቅታ በር ላይ ቆማ ነበር። በትንሽ ስልቻ ጤፍ አቀበለችኝና «እዚያ ጤፍ የለም አሉ» አለችኝ። «እዚያ» ስትል በእጇ ወደ ጨለማው ጠቆመች። አርሲ በየት በኩል እንደሆነ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ምን ወሰዳችሁ ለምትሉኝ ያገሬ ሰዎች፣ የወሰደን ትራክተር ነው። ደምሴ ጦር ሠራዊት ሳለ መኪና መንዳት ተምሮ ነበር። አርሲ ውስጥ ሰፋፊ የስንዴ እርሻ ያላቸው ጌቶች ትራክተር ነጂ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደውም። ከደብረ ማርቆስ እህል በጫነ ትሬንታ ኳትሮ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ተነሣን። የዓባይን ቁልቁለት ስንወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ደግሞ ሾፌሩ ውረዱና ግፉ እንዳይለን እጸልይ ነበር፤ አለን፣ ገፋን። አዲስ አበባ አድረን፣ በናዝሬት አልፈን፣ አዋሽን ተሻግረን አሰላ ስንገባ ዝናብ ይዘንባል። እስካሁንም አላባራም ብላችሁ ውሸታም እንዳትሉኝ፤ ያባራ ቀን እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ አምልጦኝ ይሆናል።

የዚህ አገር ብርድ እንደኛ አገር ብርድ አይደለም። የኛው ብርድ ጠዋት መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ የሚሄድ እንግዳ ነው። የአሰላው ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ቤት ይገባል፣ አልጋ ይጋራል፣ ልብስ ያረጥባል። ምግቡ ገብስና ስንዴ ነው፤ ወተትና ቅቤ ግን እንደ ልብ። ሰዉ ሰላምታ ላይ አይቸኩልም። «አካም ቡልቴ» ይሉሻል፣ እንዴት አደርሽ ነው፤ ከዚያ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ይጠይቁሻል፤ የከብትሽን ደኅንነት ሳያረጋግጡ አይለቁሽም። ከብት የለኝም ብል አይዋጥላቸውም። በኋላ «ከብቶቹ ደኅና ናቸው» ማለት ለመድኩ።

ደምሴ ትራክተሩን ነዳ። የጌቶቹን መሬት በበሬ ሲያርሱ የኖሩ ጭሰኞች ማሳው ዳር ቆመው ሲያዩት ያፍር ነበር፣ ማታ ማታ «እነሱን የማባርረው እኔ ነኝ መሰለኝ» ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ክረምት የሳንባ ምች ያዘው። ሐኪም ቤት አስገባሁት፣ ይዤው አልወጣሁም። የቀበርኩት እዚሁ፣ ከከተማው በላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ካርባው በኋላ የተከራየነው ቤት ባለቤት ጠሩኝ። ባላምባራስ ይባላሉ፤ ስማቸውን ተዉት። ከፊት ለፊታቸው ቆምኩ፣ ተቀመጪ አላሉኝም።

«ቤቱን ያከራየሁት ለደምሴ ነው» አሉ።

«እኔ ሚስቱ ነኝ፣ ባላምባራስ።»

«ነበርሽ። እኔ ከሞተ ሰው ጋር ውል የለኝም።»

«ኪራዩን እኔ እከፍላለሁ። ሹራብ እሠራለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ሹራብ የምሠራው እኔ ነኝ።»

«ገንዘብማ ማንም ይከፍላል። ብቻዋን የምትኖር ሴት ማታ ማታ ጠጅ ትጥል እንደሁ፣ ምን ታመጣ እንደሁ በምን አውቃለሁ? ቤት ያለው፣ ወንድ የሆነ ዋስ ጥሪ። እስከ ቅዳሜ። ባልሽ መሞቱንም ከማዘጋጃ ቤት አጽፈሽ አምጪ።»

ጠጅ ብጥል የመጀመሪያው ደንበኛ እርስዎ ነበሩ፣ አልኩ በልቤ። በአፌ «እሺ ጌታዬ» ነው ያልኩት።

ዋስ ካላገኘሁ የሚቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። ደብረ ማርቆስ ያለው ወንድሜ መኮንን «ሰኞ ተሳፈሪና ነይ፣ እኔ ቤት ትኖሪያለሽ» ብሎ ልኮብኛል። ደግ ነው። ነገር ግን የወንድም ቤት ማለት የወንድም ሚስት ቤት ማለት ነው። ስታዝን የከረመች፣ ልጅ ያልወለደች እኅት እዚያ ምን እንደምትሆን የማታውቁ ካላችሁ ታድላችኋል፤ ወፍጮው ሥር ተቀምጣ ታረጃለች። እዚህ ግን በእጄ የምሠራው ሹራብ አለኝ፣ እሑድ እሑድ የምሄድበት መቃብር አለኝ።

ዋስ ልሆንሽ ያሉኝ ያገራችን ሰው አቶ ገሠሠ ነበሩ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። ሚስታቸው ወይዘሮ የሺ የአገር ልጆቹን ሴቶች ይዛ በየምሽቱ ትመጣልኝ ነበር። እንዳልተክዝ ብለው ነው። ይመጡና ተደርድረው ተቀምጠው የሞቱትን ሁሉ ያነሡልኛል፤ የደምሴን ጨርሰው የራሳቸውን፣ የራሳቸውን ጨርሰው የጎረቤት። እኔም አለቅሳለሁ። ሲሄዱ ቤቱ ባዶውን ይቀራል። እግዜር ይስጣቸው፤ ግን እንዲህ ያለ ማጽናናት ሰውን ያደክማል።

ማክሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። በጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር የተቀመጠው ጸሐፊ ቀና ብሎ አየኝ።

«ባልሽ መሞቱን የሚመሰክር ሰው አምጪ» አለ።

«ቀብሩ ላይ ነበሩ እኮ እርስዎ። አፈር ሲያለብሱት አይቻለሁ።»

«ነበርኩ። ያን ቀን ግን እሑድ ነው፤ በሥራ ሰዓት ያየሁት አይደለም።»

ሳቁ መጣብኝ፣ እዚያው ቆሜ ልስቅ ነበር። ከዚያ ድካሙ መጣ። ምስክር ፍለጋ ስዞር፣ ስመለስ፣ «ነገ ነይ» ስባል ዋልኩ። ዝናቡ አጥንቴ ድረስ አረጠበኝ። ወደ ማታ ቤቴ ስገባ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። ሰው ሲደክመው እንባም ይደክመዋል ለካ።

በሩን ዘጋሁ። መቀርቀሪያውን ጣልኩ፤ ደምሴ ከሞተ እንዲህ ሳይመሽ ዘግቼ አላውቅም። ከሰል አያያዝኩ፣ ውኃ አሞቅኩ፣ እግሬን ሳፋ ውስጥ ነከርኩ። ውኃው እስኪቀዘቅዝ አላወጣሁትም። ዝም ብዬ ከሰሉ ሲንጣጣ ሰማሁ። የደምሴን ካፖርት ለበስኩ፤ እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል፣ የናፍጣ ሽታው አለቀቀውም።

ከዚያ ራበኝ። በሐዘኔ ሁሉ እየተለመንኩ ስጎርስ የከረምኩ ሴት ራበኝ። እንጀራው ደርቋል። ከአጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ የሰጠችኝ የገብስ ዱቄት አለ፣ ቅቤም አለ። ገንፎ አማረኝ።

ያገሬ ሴቶች ይህን ስታነቡ ፊታችሁ ይታየኛል። እኛ ዘንድ ገንፎ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የአራስ ነው። እኅቶቼ ሁሉ ሲወልዱ ያገነፋሁላቸው እኔ ነኝ። ጭሱ ዓይኔን እያነደደኝ፣ እያማሰልኩ፣ «እልል» እየተባለ። ለኔ የተገነፋልኝ ቀን የለም። ያን ማታ ውኃውን ጣድኩ፣ ዱቄቱን በተንኩ፣ ክንዴ እስኪዝል አማሰልኩ። ገበታው ላይ ገለበጥኩት፣ መሐሉን በማንኪያ ጎደጎድኩ፣ ቅቤና በርበሬ ሞላሁበት። የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞላው። ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ነበር በሩ ሲንኳኳ።

«ስንዱ! ስንዱ! ምነው ዘጋሽ? ደኅና ነሽ?» ወይዘሮ የሺ ናት። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጥለው በዝናቡ ቆመዋል።

«ደኅና ነኝ፣ እትዬ የሺ። ዛሬ ደከመኝ» ብዬ ከፈትኩ።

እሷ አየር ሳበች። እንደገና ሳበች።

«ማን ወለደ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ገንፎው የማነው?»

«የኔ።»

ሦስቱም ሆዴን አዩ። ያንዷ ከንፈር ሲቆጥር አይቻለሁ፤ ደምሴ ከሞተ ስንት ወር እንደሆነ ነው የምትቆጥረው።

«ኧረ በሥላሴ!» አለች የሺ። «ጥቁርሽን ሳታወልቂ፣ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ፣ በር ዘግተሽ በቅቤ ገንፎ? ሰው ምን ይላል? ምነው እርጉዝም ከሆንሽ ብትነግሪን?»

«ብርድ ነው እትዬ። ራበኝ።»

«እኛም ብርድ ላይ ነን! እኛ ገንፎ በላን?»

ይህን ስትል አዴ ፋጡማ ፋኖስ ይዛ ከደጇ ወጣች። እህል ነጋዴ ባል ያላት፣ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትራመድ የአርሲ ሴት ናት። እናት እንደማለት ነው ሁሉም አዴ የሚላት። «ምንድን ነው ጩኸቱ? ሌባ ነው?» አለች።

«ገንፎ ናት» አልኳት።

«ማርቃ?» አለች፤ ገንፎን እንዲህ ነው የሚሉት። ገባች፣ ገበታውን አየች። «ታዲያ ሊቀዘቅዝ እኮ ነው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ውኃ አምጪልኝ።» እጇን ታጥባ ከጎኔ ቁጭ አለች። ገንፎ ሥጋ አይደለም፤ የእስላምና የክርስቲያን እጅ ገበታው ላይ ሊገናኝ ይችላል። ጎረሰችና ለኔም ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆሙት ዞራ «ግቡ እንጂ፣ ዝናብ ነው። እኔ እናቴ የሞተች ጊዜ ማርቃ ነው ያጎረሱኝ። በባዶ ሆድ ይለቀሳል እንዴ? እንባውስ ከየት ይመጣል?» አለች።

የሺ አልገባችም። «ገሠሠ ይስማ!» ብላ ሄደች። ሁለቱም ተከተሏት፤ አንዷ ግን ዞራ ገበታውን አየችው፣ እኔ አይቻታለሁ።

አዴ ፋጡማ ብዙ አላወራችም። ስለ ሞተ ሰው አንድም ነገር አላነሣችም። በላን፣ እርጎ ከቤቷ አምጥታ ጠጣን፣ አንዲት ላሟ እንዴት በር ከፍታ እንደምትገባ ነገረችኝ፣ ሳቅኩ። ስትሄድ በሩን መልሼ ዘጋሁ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ የምተኛው መሬት ላይ፣ ቁርበት ላይ ነበር። ያን ሌሊት አልጋው ላይ ወጣሁ። ካፖርቱን ደረብኩ። እስኪነጋ አልነቃሁም። ሐዘኔ አላለቀም፤ አሁንም አላለቀም። ግን አንድ ሌሊት ትቶኝ አደረ።

ጠዋት አቶ ገሠሠ ሰው ላኩብኝ፤ «ለእንዲህ ያለች ሴት ዋስ አልሆንም» ብለዋል። ተቀምጬ የተጀመረ ሹራብ ይዤ ዋልኩ፣ አንድ ዙር ሠርቼ አንድ ዙር ፈታሁ። ሐሙስ ምስክር ተገኝቶ የማዘጋጃ ቤቱን ወረቀት ተቀበልኩ። ዓርብ ዕቃዬን ማሰር ጀመርኩ። አዴ ፋጡማ ገመዱን አየችና «ወዴት?» አለች። ነገርኳት።

ቅዳሜ ይዛኝ ባላምባራስ ዘንድ ሄደች።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አለች።

«ባልሽስ?» አሉ ባላምባራስ።

«አቦምሳ ወርዷል፣ እህል ሊገዛ።»

«እሱ ሲመጣ ይምጣ። እኔ ወንድ ነው ያልኩት።»

«ቤቱ በኔ ስም ነው፣ ከአባቴ ነው የወረስኩት። አንቱ ደግሞ ያቺን ቀይ ላም ከማን ገዙ? ከኔ አይደል? ያን ጊዜ ሴት መሆኔን አላዩትም?»

«ላም ሌላ ነው።»

«እውነት ነው። ላም ኪራይ አትከፍልም።»

ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዝናቡን አዩ። በመጨረሻ «እስከ መስከረም» አሉ። «ለመስከረም እንነጋገራለን።»

ከዚያው ስልክ ቤት ሄድኩ። ቅዳሜ እደውላለሁ ብዬ ልኬበት ስለነበር መኮንን እናቴን ለገበያ ከገጠር አምጥቷት ስልኩ አጠገብ እየጠበቀኝ ነበር። ብዙ ከቆየሁ በኋላ ተራዬ ደረሰ።

«ሰኞ ትሳፈሪያለሽ አይደል?» አለኝ።

«አልሳፈርም። ዋስ አገኘሁ፣ እስከ መስከረም።»

«ማን ነው ዋስ የሆነሽ?»

«ጎረቤቴ። አዴ ፋጡማ።»

«ሴት? እስላም?»

«ጎረቤቴ አልኩህ እኮ፣ መኮንን። እማዬን አቅርብልኝ።»

የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሽ። እናቴ ስልክ ይዛ አታውቅም።

«እማዬ?»

«አቤት።»

«እኔ ነኝ፣ ስንዱ።»

«ድምፅሽ ከስቷል።»

«እየበላሁ ነው እማዬ።»

ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት እንደፈለገች፣ «እንዲህ አጠገቤ እየተናገርሽ ምነው አትገቢም? መሽቷል። እራት ላቆይልሽ?» አለችኝ።

የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ጨርሺ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

«ዛሬ አልደርስም እማዬ። ብሉ፣ አትጠብቁኝ።»

«ግድ የለም» አለች። «አቆይልሻለሁ።»