ቶርኖው ለምን ቆመ?

ታቦር ሰፈር፣ ጓሮዬ ባለችው ክፍል ውስጥ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ አሮጌ ቶርኖ አለኝ። ረጅም ብረት ሲታሰርበት ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ብረቱን መሃሉ ላይ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ራሴ ሠራሁለት። የመጀመሪያ ሥራው የአንድ የቡሹሎ መንደር ገበሬ የውሃ ፓምፕ ዘንግ ነበር። ሰውዬው ፓምፑ ቆሞ የቲማቲም ችግኙ እየደረቀበት ነበር።

ልጀምር ስል የጎረቤቴ የእማማ አስቴር ባል አረፉ። ከአጥሬ ማዶ ድንኳን ተተከለ፣ መዝሙር ተጀመረ። ለቅሶ አጠገብ ብረት አይቆረጥም፤ ቶርኖውን ሳልነካው ዋልኩ።

በማግስቱ እማማ በጓሮ በር ብቻቸውን ገቡ።

«ማሽንህ ለምን ቆመ?»

«እንዴ እማማ! በእርስዎ ሐዘን ላይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እሷ ናት ያዘዘችኝ በላቸው። አስነሣው!»

አስነሣሁት። ቀለበቱ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ያዘው፤ የማሽኑ ጩኸት ግን ያው ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ነው። እማማ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና እሪ ብለው አለቀሱ። ደንግጬ ላጠፋው ስል፣

«ተወው!» ብለው ጮኹብኝ። «እዚያ ድንኳኑ ውስጥ ሰዎቹ ‹ጌታ ጋ ሄዷል፣ አይለቀስም› እያሉ አፈኑኝ። ዕድሜዬን አብሬው የኖርኩትን ሰው ሳላለቅስለት ልቅር?»

እኔ ቆረጥኩ፣ እሳቸው አለቀሱ። ዘንጉ ተሠርቶ ሲያልቅ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። የገበሬው ችግኝ ሊተርፍ ነው፤ ማመስገን የነበረብኝማ እኔ ነኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ለነገ ሌላ ረጅም ብረት የለህም?»